የለንደንን ምግብ መርምሮ መርዙን ያጋለጠው፣ በተቀደደ ወረቀት የወደቀው ኬሚስት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1820፣ ምሽት። ቦታው ለንደን፣ ሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚባለው ስመ ጥር የሳይንስ ተቋም ነው። ንባብ ክፍሉ ውስጥ አንድ የ51 ዓመት ሰው ቁጭ ብሎ መጽሔት ያገላብጣል። ተቋሙ በደንብ ያውቀዋል፣ ድሮ እዚያው ሠርቷል።

ሰውየው ያላወቀው አንድ ነገር አለ። ከጎን ያለው ክፍል ግድግዳ ላይ ሆን ተብሎ ትንሽ ቀዳዳ ተሠርቷል። ከቀዳዳው ማዶ የቤተ መጻሕፍቱ ረዳት ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል። ይሄ ሰው ካነበባቸው መጻሕፍት ውስጥ ገጾች እየጠፉ ነው ብሎ ባለፈው ወር ለአለቆቹ የተናገረውም እሱ ነው። በዚያ ምሽት በዓይኑ አየው። ሰውየው ስለ ቸኮላት የተጻፈ ጽሑፍ ከመጽሔቱ ገንጥሎ ይዞ ወጣ።

ማን መሰላችሁ? ፍሬድሪክ አኩም ይባላል (አክሱም አላልንም፣ አኩም ነው)። በዚያው ዓመት የለንደን ነጋዴዎች ሕዝቡን ምን እያበሉት እንደሆነ በመጽሐፍ ዘርግፎ አገሩን ያስደነገጠው ኬሚስት እሱ ነበር። አጭበርባሪዎቹን በስም ጠርቶ ያጋለጠ ሰው፣ እሱ ራሱ በሌብነት ተከሰሰ።

ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት እንነግራችኋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አኩም እንግሊዛዊ አይደለም። ማርች 29 ቀን 1769 ጀርመን ውስጥ ቡከቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በኋላ ክርስትና የተነሣ ሰው ነው። መጀመሪያ ወታደር ነበር፣ ከዚያ ሳሙና እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ልጁ ገና 3 ዓመቱ እያለ አባትየው ሞተ።

ልጁ ከፍ ሲል ሃኖቨር ከተማ ሄዶ ብራንዴ በሚባል ቤተሰብ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቅመማ ተማረ። ያኔ የሃኖቨር ገዢና የእንግሊዝ ንጉሥ አንድ ሰው፣ ጆርጅ 3ኛ ነበር። ብራንዴዎች የንጉሡ መድኃኒት ቀማሚዎች ስለሆኑ ለንደንም ላይ መድኃኒት ቤት ነበራቸው። አኩም በ1793 ባሕር ተሻግሮ እዚያ ተቀጠረ። አገሩ ላይ የተማረው ሙያ በባዕድ አገር በር ከፈተለት ማለት ነው።

ለንደን በዚያ ዘመን በአውሮፓ ትልቋ ከተማ ነች። በ1801 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ ወደ 1 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ይሄን ቁጥር ያዙልን፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

በ1798 ሜሪ አን ሲምፕሰን የምትባል ሴት አገባ። 8 ልጆች ወለዱ፣ አድገው ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት ግን 2 ብቻ ናቸው። በ1800 ሶሆ ሰፈር፣ ኦልድ ኮምፕተን ጎዳና ላይ ቤት ያዘና 20 ዓመት ኖረበት። ቤቱ መኖሪያም፣ ሱቅም፣ ላብራቶሪም፣ ትምህርት ቤትም ነበር። ኬሚካልና ዕቃ ይሸጣል፣ ሰው ያመጣለትን ነገር ይመረምራል፣ ተማሪ ተቀብሎ በእጁ እያሠራ ያስተምራል። ዛሬ ቢሆን ስታርታፕ እንለው ነበር።

ተማሪዎቹን ብታዩ ትገረማላችሁ። በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሎርድ ፓልመርስተን እሱ ጋ ተምሯል። ከአሜሪካ ደግሞ የዬል ኮሌጅ የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቤንጃሚን ሲሊማን መጥቷል። በዚያን ጊዜ ኬሚስትሪን በላብራቶሪ ውስጥ በተግባር የሚያስተምር ቦታ በጣም ጥቂት ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ በአብዛኛው ያወሩታል እንጂ አያሠሩትም። አኩም እንደ ሻንጣ የሚያዝ የኬሚስትሪ ሣጥንም ይሸጥ ነበር። አንድ ገበሬ ሣጥኑን ይዞ ማሳው ላይ አፈሩንና ድንጋዩን መመርመር ይችላል።

ከ1801 እስከ 1803 በዚያው በሮያል ኢንስቲትዩሽን ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ታዋቂው ሃምፍሪ ዴቪ ያን ጊዜ እዚያ ነበር። አዎ፣ ከ17 ዓመት በኋላ ግድግዳ ቀድቶ የሚጠብቀው ተቋም ይሄው ነው።

የአኩም ሥራ ግን አንድ ቦታ አይቆምም። አንዴ ስለ ማዕድን ምርመራ ይጽፋል፣ አንዴ ስለ ክሪስታል፣ አንዴ ቤት ውስጥ ስለሚሠሩ አዝናኝ የኬሚስትሪ ሙከራዎች። አዲስ ሕግ አግኝቶ ስሙ የተሰየመበት ሳይንቲስት አይደለም። እሱን የሚስበው የታወቀውን ሳይንስ ሰው የሚኖርበት ቤት፣ ሰው የሚበላው ሰሃን ላይ ማውረድ ነው። እኛም ይሄን ታሪክ የመረጥነው ለዚህ ነው።

አንዱ ማሳያ የጋዝ መብራት ነው። ለንደን ማታ ማታ በሻማና በዘይት ፋኖስ ነበር የምታየው። ዊንሰር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ ከተማዋን አበራለሁ ብሎ ተነሣ። ዊንሰር ወሬ የሚችል ነጋዴ እንጂ ኬሚስት አይደለም፣ ብዙ ሰውም አላመነውም። በ1809 ጉዳዩ ፓርላማ ሲቀርብ በባለሙያነት የመሰከረለት አኩም ነው። ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ከሰሉን አየር በማይገባበት ብረት ውስጥ ዘግተህ ታግለዋለህ። ጋዙ ይወጣል። በውሃና በኖራ አሳልፈህ ታጥበዋለህ፣ በትልቅ ጋን ታጠራቅመዋለህ፣ ከዚያ በቧንቧ ወደ ጎዳናው ትልከዋለህ። የቀረው ኮክና ሬንጅ ደግሞ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው።

በ1812 ኩባንያው ንጉሣዊ ፈቃድ አገኘ። በ1813 የመጨረሻ ቀን ምሽት የዌስትሚንስተር ድልድይ በጋዝ በራ። በ1815 አኩም ስለ ጋዝ መብራት ያሳተመው መጽሐፍ ሥራውን ከሀ እስከ ፐ የሚያስተምር ሆነ። አሳታሚው ሩዶልፍ አከርማን ነው። ይሄን ስም አትርሱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ቅድም ያልናችሁን 1 ሚሊዮን ሕዝብ አስታውሱ። ገጠር ያለ ሰው እህሉን ማን እንዳስፈጨው፣ ወተቱ ከማን ላም እንደታለበ ያውቃል። የለንደን ሰው ግን ዳቦውን ከማያውቀው ዳቦ ጋጋሪ፣ ሻዩን ከማያውቀው ባለ ሱቅ ነው የሚገዛው። ሻይ፣ ቡና፣ ቢራ ላይ ቀረጡ ከባድ ነው። ዋጋው ይንራል፣ ድሃውም መጠጣት ይፈልጋል። በዚህ መሃል የሚያጭበረብር ሰው ገበያው ተከፈተለት።

አኩም ሰው የሚያመጣለትን ናሙና ዓመታት ሲመረምር ቆይቶ በ1820 መጽሐፉን አወጣ፦ ስለ ምግብ መበረዝና ስለ ወጥ ቤት መርዞች። ሽፋኑ ራሱ ያስፈራል። ሸረሪት ድሯ መሃል ቁጭ ብላለች፣ ከላይ የሰው ራስ ቅል ተስሏል፣ ከነቢዩ ኤልሳዕ ታሪክ የተወሰደውም ቃል አለበት፤ ያ ምንቸቱ ውስጥ ሞት እንዳለ ተናግረው የጮኹት ሰዎች ቃል። አንድ ሺህ ኮፒ በአንድ ወር አለቀ። ስለ ኬሚስትሪ የተጻፈ መጽሐፍ ነው እኮ!

ውስጡ ምን አለ? እስቲ ከሻይ እንጀምር። ከእሾሃማ ቁጥቋጦ የተለቀመ ተራ ቅጠል ይቀቀላል፣ በብረት ምጣድ ላይ ይደርቃል፣ እንደ ሻይ ቅጠል እንዲጠቀለል በእጅ ይታሻል። ጥቁር ሻይ ከተፈለገ በእንጨት ቀለም ይነከራል። አረንጓዴ ከተፈለገ ደግሞ የመዳብ ዝገት ይነሰነስበታል። የመዳብ ዝገት መርዝ ነው። አኩም መፈተኛውንም ነገረ፦ ቅጠሉን ጠርሙስ ውስጥ አድርገህ ፈሳሽ አሞኒያ ጨምረህ ናጠው። ፈሳሹ እንደ ሰንፔር ደማቅ ሰማያዊ ከሆነ መዳብ አለበት።

ቡናው የተቆላ አተርና ባቄላ ነው። የቡና አገር ልጆች ስለሆንን እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ብለን አዘንን። ቁንዶ በርበሬው ከተልባ ፋጉሎ፣ ከሸክላ አፈርና ከሚጥሚጣ ዱቄት ተድቦልቡሎ የተሠራ ነው። ውሃ ውስጥ ስትጨምረው እውነተኛው ፍሬ እንዳለ ይቆያል፣ የውሸቱ ፈርሶ ይበተናል። የተፈጨው ደግሞ የመጋዘን ወለል ጥራጊ ይገባበታል፤ ነጋዴዎቹ ለጥራጊው የራሳቸው ምሕጻረ ቃል ነበራቸው። ሆምጣጤው ውስጥ የሰልፈር አሲድ አለ። ዳቦው ነጭ እንዲመስል አሉም የሚባል ጨው መሰል ማዕድን ይገባበታል።

ቢራው የባሰ ነው። ጠማቂው ብቅሉን ይቀንስና ውሃውን ያበዛል። የጎደለውን ስካር ለመሙላት ከሕንድ የሚመጣ አንድ መርዛማ ፍሬ ይጨምራል። ፍሬው ዓሣ ለማደንዘዝ የሚያገለግል ነው፣ ልክ እንደ እኛው ብርብራ። አረፋው እንዲቆም ደግሞ የብረት ጨው። ለጠማቂዎች ይሄን ሁሉ የሚያቀርቡ ልዩ ነጋዴዎች ነበሩ፣ አድራሻቸውም የታወቀ።

ልጆችም አልቀሩም። መንገድ ላይ የሚሸጠው ከረሜላ ቀዩ በእርሳስ፣ አረንጓዴው በመዳብ የተቀባ ነበር።

ከሁሉ እኛን የገረመን የአይቡ ታሪክ ነው። አንድ ሰው በመንገዱ እንግዳ ማረፊያ ቤት ሲያድር የተጠበሰ የግሎስተር አይብ በላና ሆዱን በኃይል ቆረጠው። ሌላ ጊዜም እዚያው አይብ በላ፣ ያው ቁርጠት መጣ። የቤቱ ሰዎች ልጣጩን የበላች ድመት መታመሟን ነገሩት። አይቡ ሲመረመር እርሳስ ተገኘ። እርሳስ አይብ ውስጥ ምን ይሠራል?

ዱካው ወደ ኋላ ተመረመረ። ገበሬው አይቡን ቢጫ የሚያደርገው አናቶ በሚባል ከፍሬ በሚወጣ ቀለም ነው። አናቶው ራሱ ችግር የለበትም። የአናቶው ነጋዴ ግን ዕቃው ደብዘዝ ሲልበት ቬርሚሊዮን የሚባል ቀይ ቀለም ጨመረበት። ቬርሚሊዮኑን የሸጠለት ባለ መድኃኒት ቤት ደግሞ ለቤት ቀለም ነው ብሎ ስላሰበ፣ ለማትረፍ ቀይ የእርሳስ ዱቄት ቀላቀለበት። ይኸው ነው። አንዱም ሰው ልግደል ብሎ አልተነሣም። እያንዳንዱ ከማያየው ሰው ላይ ትንሽ ትንሽ ሸረፈ። መጨረሻ ላይ የታመመው ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም የማያውቅ መንገደኛ ነው።

ይሄን ስናነብ ስለ እንጀራና ጀሶ፣ ስለ በርበሬና ሸክላ፣ ስለ ማርና ስኳር በየሰፈሩ የሚወራው ትዝ ያላላችሁ የለም ብለን እናስባለን። ወደ ለንደን እንመለስ።

አኩም ዝም ብሎ ነጋዴ ያጭበረብራል ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ማንም አይጠላውም ነበር። እሱ ግን በፍርድ ቤትና በፓርላማ መዝገብ ላይ የተፈረደባቸውን ሰዎች ስም ከነሥራቸው አተመ። ጠማቂው እገሌ፣ ባለ ሱቁ እገሌ፣ ይሄን ቀላቅሎ ተገኝቶ ይሄን ያህል ተቀጣ። ሁለተኛው እትም በዚያው ዓመት ሲወጣ መግቢያው ላይ ስም የሌለው ማስፈራሪያ እየደረሰው እንደሆነ ጽፏል። አላቆምም፣ ስም መጥራቴንም እቀጥላለሁ አለ።

ከዚያ በዚያው ዓመት ማለቂያ ላይ የግድግዳው ቀዳዳ መጣ።

በጽሑፉ መገንጠል ማግስት ጉዳዩ ዳኛ ፊት ቀረበ፣ ቤቱ እንዲፈተሽ ታዘዘ። ኦልድ ኮምፕተን ያለው ቤት ውስጥ የተገነጠሉ ገጾች ተገኙ። ከተቋሙ መጻሕፍት ጋር ሲገጠሙ ገጠሙ። ክርክር የለውም፣ አድርጎታል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እንበል። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት በሌለበት ዘመን አንድ ጽሑፍ የፈለገ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ መገልበጥ ነበረበት። አኩም በዚያ ወቅት ስለ ቢራ፣ ስለ ወይን፣ ስለ ዳቦ፣ ስለ ወጥ ቤት ኬሚስትሪ ተራ በተራ መጽሐፍ ያወጣ ነበር። ጊዜ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ግን የሌላ ሰው መጽሐፍ መቅደድ መቅደድ ነው። ከእሱ በኋላ የሚመጣው አንባቢ የተሸረፈ መጽሐፍ ነው የሚያገኘው። የአይቡ ነጋዴም ከማያየው ሰው ላይ ነበር የሸረፈው።

የመጀመሪያው ዳኛ ጉዳዩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። መጻሕፍቱ ውድ ሊሆኑ ይችላሉ፣ የተገነጠሉት ገጾች ግን ውዳቂ ወረቀት ናቸው አለ። አንድ ፓውንድ እንኳ ቢመዝኑ በአንድ ፓውንድ ውዳቂ ወረቀት ስርቆት እከሰው ነበር፣ እሱም አይሞላም ብሎ አሰናበተው። ተቋሙ ግን አልተወውም። ዋጋው በፔንስ የሚቆጠር ወረቀት ሰርቋል ተብሎ እንደገና ተከሰሰ።

ጋዜጦቹ አገኙት። የተከበረው ኬሚስት፣ የሕዝብ ጠበቃው፣ መጽሐፍ ቀዳጅ ሆነ። የደገፉትም ነበሩ፤ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ለተቋሙ ፕሬዚዳንት ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ የተከራከረለት አለ። በኤፕሪል 1821 ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሁለት ወዳጆቹ ዋስ ሆኑት። አንዱ አርክቴክቱ ጆን ፓፕወርዝ ነው። ሌላው አትርሱት ያልናችሁ አሳታሚ፣ አከርማን።

የችሎቱ ቀን ሲደርስ አኩም አልቀረበም። ወዳጆቹ ያስያዙትን ዋስትና ጥሎ ጀርመን ገባ። ለንደን ውስጥ የገነባው የ28 ዓመት ስም በጥቂት ወራት ፈረሰ።

ማስፈራሪያ የላኩት ሰዎች ናቸው ወጥመዱን ያጠመዱት? እንዲህ ብለው የሚጠረጥሩ ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ማስረጃ ግን አልተገኘም። ለነገሩ ማጥመድም አላስፈለጋቸውም። ቀዳዳውን ተቋሙ ቀደደው፣ ገጹን አኩም ራሱ ገነጠለው። አጭበርባሪዎቹ መሳቅ ብቻ ነበር የቀራቸው። ስለ መርዙ ሲነሣ ስለ ወረቀቱ ማንሳት በቂ ሆነ። ቢራው ውስጥ ያለው ፍሬ አኩም ሌባ ስለሆነ አልጠፋም፣ መልስ የሚጠይቀው ሰው ግን ጠፋ።

አኩም በርሊን ሄዶ አላለቀሰም። በ1822 በሁለት ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆነ፣ አንዱ የኢንዱስትሪ ሙያ፣ ሌላው ባውአካዴሚ የሚባለው የሕንፃ ግንባታ። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና የማዕድን ሳይንስ አስተማረ። መሐንዲስ የሚሆኑ ልጆች ፊት ቆሞ የሚያስተምር ሰው የሚጠየቀው ስለ ሻይ አይደለም። ስለ ድንጋይ ነው፣ ስለ ኖራ፣ ስለ ጡብ። በ1826 በሁለት ቅጽ ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ግንባታ ዕቃዎች አካላዊና ኬሚካዊ ባሕርይ ነው፤ እንዴት እንደሚመረጡ፣ ጠባያቸው ምን እንደሆነ፣ የት ቦታ መዋል እንዳለባቸው።

ከአይብ ወደ ጡብ ዝላይ ሊመስላችሁ ይችላል። እኛ ግን ሥራው አንድ ነው ባዮች ነን። በዓይን ሲታይ ደህና የሚመስል ዕቃ አለ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። አይቡ ቢጫ ነው፣ ድንጋዩ ጠንካራ ነው። አኩም ሁለቱንም የሚጠይቀው በአሲድ፣ በእሳትና በሚዛን ነው። የተሳሳተ ድንጋይ የመረጠ ግንበኛ ስህተቱ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚታየው፣ ያኔ ደግሞ ሕንፃው ውስጥ ሌላ ሰው ነው የሚኖረው።

በሪህ ሲሰቃይ ቆይቶ ጁን 28 ቀን 1838 በርሊን ውስጥ ሞተ። 69 ዓመቱ ነበር። መቃብሩም እዚያው ነው።

እንግሊዝስ? እንግሊዝ ያንኑ መብላቷን ቀጠለች። አኩም ከሸሸ ወደ 40 ዓመት ገደማ ምንም ሕግ አልወጣም። በ1850 አርተር ሂል ሃሳል የሚባል ሐኪም ለንደን ውስጥ የሚሸጠውን ቡና በማይክሮስኮፕ አየው። ቡና ከተባለው ውስጥ ብዙው ሌላ ሥርና እህል የተቀላቀለበት ነበር። ከ1851 ጀምሮ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የሃሳልን ምርመራ ከሱቆቹ ስምና አድራሻ ጋር ማተም ጀመረ። አኩም የጀመረው ስም መጥራት ማለት ነው፣ ልዩነቱ አሁን ከጀርባው አንድ ትልቅ መጽሔት መኖሩ ነው። ፓርላማው በ1855 አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፣ ግን ሕጉ ዘገየ።

ከዚያ ብራድፎርድ መጣ። በኦክቶበር 1858 በዚያች ከተማ ገበያ ላይ ከረሜላ የገዙ ሰዎች መታመም፣ መሞት ጀመሩ። 20 ያህል ሰው ሞተ፣ ከ200 በላይ ታመመ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ነገሩ ሲጣራ ከረሜላ ሠሪው ስኳር ስለተወደደበት የስኳሩን ቦታ ርካሽ ነጭ ዱቄት ሊሞላበት ፈልጎ ነበር። ይሄ የተለመደ አሠራር ነው፣ ነጋዴዎቹ ለዱቄቱ የቁልምጫ ስም ሁሉ አውጥተውለታል። ዱቄቱ ምን መሰላችሁ? ጀሶ። መድኃኒት ቤት የተላከው ሰው ጀሶ ጠየቀ፣ አዲሱ ረዳት ተሳስቶ ከሌላው በርሜል 12 ፓውንድ አርሴኒክ መዘነለት። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ነው፣ በዓይን አይለይም።

ተከሰው ቀረቡ፣ የተፈረደበት ግን የለም። ከረሜላ ውስጥ ጀሶ መጨመር በሕግ ወንጀል አልነበረም።

በ1860 የመጀመሪያው የምግብ መበረዝ ሕግ ወጣ፣ ጥርስ የሌለው ነበር። በ1872 ተጠናከረ፣ በ1875 ደግሞ ዛሬ ላለው የእንግሊዝ የምግብ ሕግ መሠረት የሆነው አዋጅ ጸደቀ። በሕጉ መሠረት የየአካባቢው አስተዳደር የሕዝብ መርማሪ የሚባል ኬሚስት ሾመ። ማንኛውም ሰው የተጠራጠረውን ዕቃ ይዞለት ይሄዳል፣ ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል፣ መርማሪው ውስጡ ምን እንዳለ በጽሑፍ ይሰጠዋል። አኩም ኦልድ ኮምፕተን ጎዳና ላይ ሱቅ ከፍቶ ይሠራው የነበረው ሥራ፣ ከ75 ዓመት በኋላ የመንግሥት ሥራ ሆነ።